«ይሄን ካላነበብሽ አታናግሪኝ»፦ ታዳጊዎች እርስ በርስ ስለሚጠቋቆሟቸው የሳይንስ ልብ ወለዶች

የእህቴ ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። የላከው ሜሪላንድ የሚኖረው የአጎቷ ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛው ውስጥ እንግሊዝኛ ይበዛል፤ የሚለው ነገር ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

«ስሚማ። ሞት የጠፋበት ዓለም አስቢ። የታመመ ይድናል፣ ያረጀ ተመልሶ ወጣት ይሆናል። ግን ሰው እንዳይበዛ ተብሎ፣ ሰው እየመረጡ የሚገድሉ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ነው። ሁለት ልጆች ለዚህ ሥራ ሊሠለጥኑ ይገባሉ። ከዚህ በላይ አልነግርሽም። ይሄን ካላነበብሽ አታናግሪኝ።»

ልጅቷ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ የፊዚክስ ደብተሯን ገልብጣ፣ ከኋላ በኩል የመጽሐፉን ስም ጻፈች፤ የኒል ሹስተርማን «ሳይዝ» ነው። ከሥሩ ሌሎች ሁለት ስሞች ጨመረች። እነሱንም የነገራት እሱ ነው።

እኔ በየዓመቱ ለልደቷ መጽሐፍ እሰጣታለሁ። «ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ይጠቅምሻል» እላታለሁ። አመስግና ትቀበላለች፣ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። እንዲህ ዓይኗ ሲበራ ግን አይቼ አላውቅም። ልጁ በአንድ ደቂቃ ያልሞላ ድምፅ ያደረገውን እኔ በዓመታት አላደረግኩትም። ይህን ነገር በደንብ ላስብበት ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ስለ ታዳጊዎች ንባብ የሚወጡት ቁጥሮች ያስጨንቃሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ምዘና እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው ውጤት፣ ከ13 ዓመት ልጆች መካከል ለራሱ ደስታ ብሎ በየቀኑ ማለት በሚቻል ደረጃ የሚያነበው 14 በመቶው ብቻ ነው። በ2012 ይህ ቁጥር 27 በመቶ ነበር። በእንግሊዝም ናሽናል ሊተረሲ ትረስት የተባለው ድርጅት በ2025 ባወጣው ጥናት፣ ከ8 እስከ 18 ዓመት ካሉት ልጆች በትርፍ ጊዜያችን ማንበብ ደስ ይለናል ያሉት 32.7 በመቶ ናቸው። ድርጅቱ መጠየቅ ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ካላልኩ የምጠቅሰው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው።)

ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲያይ ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ አለ። «ስልክ አበላሻቸው» ይላል። ስልክ ጊዜያቸውን እንደሚበላ አልክድም። ግን የዚያች ማታው መጽሐፍም የመጣው በስልክ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ መጽሐፉን የሚያቀብላቸው ማን ነው የሚለው ነው።

ታዳጊ ለታዳጊ ሲያቀብል ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የቆየ አሠራር አለ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የወጣቶች ክፍል ከ2003 ጀምሮ «ቲንስ ቶፕ ቴን» የሚባል ዝርዝር ያወጣል። በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የታዳጊዎች የንባብ ቡድኖች አሉ። አዳዲስ መጻሕፍት ይደርሷቸዋል፣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ዕጩዎችን ያቀርባሉ። ከዚያ በየቦታው ያሉ እኩዮቻቸው ድምፅ ይሰጣሉ። አሥሩን የሚለዩት አዋቂ ዳኞች አይደሉም፣ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በ2008 የወጣው «ሀንገር ጌምስ» በ2009ኙ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ያኔ ፊልሙ አልተሠራም። ፊልሙ የመጣው በ2012 ነው። ልጆቹ ግን መጽሐፉን ቀድመው አውቀውታል።

ከ2020 ወዲህ ደግሞ ይኸው ነገር ወደ ቲክቶክ ገባና «ቡክቶክ» ተባለ። በ2017 የታተመ አንድ የአዳም ሲልቬራ ልብ ወለድ አለ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመጣ «ሁለቱም መጨረሻ ላይ ይሞታሉ» ይሆናል። አንድ ድርጅት ሌሊት ስልክ እየደወለ «ዛሬ ትሞታለህ» ብሎ ለሰዎች ይናገራል። ሁለት ልጆች የመጨረሻ ቀናቸውን አብረው ያሳልፋሉ። መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ወጣቶች አንብበው ሲያለቅሱ ራሳቸውን እየቀረጹ ለቀቁት። በብዛት ከሚሸጡት ተርታ የገባው ያኔ ነው። አሳታሚ በማስታወቂያ ያላገኘውን ልጆች በእንባ አመጡት።

«ቢሆንስ?» የሚል እንቆቅልሽ

ለምን ግን ከልብ ወለድ ሁሉ የሳይንስ ልብ ወለድ እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ ይቀባበላል? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከልጅነታችን ጨዋታ ነው። «እንቆቅልሽ» ስትባል «ምን አውቅልሽ» ትላለህ። ጠያቂው ጥያቄውን ይሰጥሃል፣ መልሱን ይይዝብሃል። ካላወቅህ አገር ትሰጣለህ። ያ መልስ እስኪነገርህ ድረስ ያቁነጠንጥሃል።

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚቆመው «ቢሆንስ?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ሞት ቢጠፋስ? ሰው ማርስ ላይ ብቻውን ቢቀርስ? መንግሥት በየዓመቱ ልጆችን በዕጣ ወስዶ እርስ በርስ ቢያጋድላቸውስ? እነዚህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነገሩ ነገሮች ናቸው። ሌላ ዓይነት ልብ ወለድ እንዲህ በአጭሩ ለመንገር ያስቸግራል። የአንዲት ሴት የትዳር ሕይወት በምን ቃል በአንድ ደቂቃ ይነገራል? የሜሪላንዱ ልጅ ግን እንቆቅልሹን ሰጠና መልሱን ያዘ። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ነው።

አዋቂ መጽሐፍ ሲሰጥ ከጥቅሙ ይጀምራል። ታዳጊ ከጥያቄው ይጀምራል። ልዩነቱ ይሄ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ሕይወት የሚወስነው ጥቂት ነው። የት እንደሚማር፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚሆን የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ልጆችም እንደዚያው ናቸው። በፊዚክስ ደብተሩ ጀርባ የተጻፈው ሁለተኛው ስም የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» ነበር፤ «ሰጪው» እንደ ማለት ነው። በ1993 ነው የታተመው፤ በዓመቱ የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት የሆነውን የኒውበሪ ሜዳልያ አገኘ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስሙ ዮናስ ነው። ለእኛ ልጆች የጎረቤት ልጅ ስም ነው። የሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ረሃብ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ሕመም የለም። ቀለምም የለም። ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌዎች ለእያንዳንዱ ዕድሜ ልኩን የሚሠራውን ሥራ ይሰጡታል።

የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ መጽሐፉን አጠፍ አድርጋ «ይሄማ የኛ ማትሪክ ነው» አለች። እውነቷን ነው። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷ የሁለት ዓመት ጊዜ ነው የቀራት። አንዲት አሜሪካዊት ከ30 ዓመት በፊት የጻፈችው አዳራሽ፣ ለዚህች ልጅ ሩቅ አገር አልሆነባትም።

ሎውሪ ይህን ታሪክ እንዴት እንዳሰበችው ተናግራለች። አባቷ በእርጅናው የማስታወስ ችሎታው እየደከመ ሄደ። አንድ ቀን በልጅነቷ የነበሩበትን ፎቶ እያዩ ስለ ታላቅ እህቷ ጠየቃት፤ ልጁ ከሞተች ብዙ ዓመት እንደሆናት ረስቶት ነበር። ሐዘኑንም ረስቶታል ማለት ነው። ሎውሪ ታዲያ ራሷን ጠየቀች፦ ሕመም የሚያስከትል ትዝታ ሁሉ ቢጠፋ ይሻል ነበር? መጽሐፉን ያነበበ ልጅ ይህን ጥያቄ ይዞ ነው የሚተኛው። ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን በሥርዓተ ትምህርት አስገቡት። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ይውጣልን አሉ፤ በ1990ዎቹ በአሜሪካ በብዛት ተቃውሞ ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። አዋቂዎች በሁለት በኩል ሲጎትቱት ልጆቹ ማንበባቸውን ቀጠሉ።

ስንዴና ዘይት

«ሀንገር ጌምስ»ን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልሙ ነው። የፍቅር ታሪክና ቀስት ያለበት አድርጎ ያየዋል። ታዳጊዎች መጽሐፉን ሲያወሩ ስሰማ ግን የሚያነሱት ሌላ ነገር ነው። የዕጣው አሠራር ነው።

በታሪኩ ከአሥራ ሁለቱ ወረዳዎች ከእያንዳንዳቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይወሰዳሉ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ነው። ስምህ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ዕድሜህ በጨመረ ቁጥር ይደመራል። እስከዚህ እኩል ይመስላል። ግን ቤተሰብህ ከተራበ ስምህን ተጨማሪ ጊዜ አስገብተህ በምትኩ ስንዴና ዘይት መውሰድ ትችላለህ። ለአንድ ሰው ለዓመት የምትሆን፣ የማታጠግብ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካትኒስ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ስሟ ሃያ ጊዜ ገብቷል። የሀብታም ልጅ ስም ግን አምስት ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው። ዕጣው ለሁሉም አንድ ነው፤ ድህነት ግን ሚዛኑን ያዘነብለዋል።

በዚህች አገር የእርዳታ ስንዴና ዘይት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ እናቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ወጣ ብላ «ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው የምታነቢው?» አለቻት። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ጸሐፊዋ ሱዛን ኮሊንስ ሐሳቡ የመጣላት አንድ ሌሊት ቴሌቪዥን እየቀያየረች ሳለ ነው። አንዱ ጣቢያ ወጣቶች የሚፎካከሩበት የመዝናኛ ዝግጅት ያሳያል፣ ሌላው የኢራቅን ጦርነት። ሁለቱ በዓይኗ ላይ ተቀላቀሉባት። አባቷ ቬትናም የዘመተ ወታደር ነበር። ጦርነትን ለልጆች መንገር እንደሚቻል የምታምን ሰው ናት። ልጆቹም ተረድተዋታል። በ2014 ታይላንድ ውስጥ ወታደሩ ሥልጣን ሲይዝ ተቃዋሚዎች የመጽሐፉን የሦስት ጣት ሰላምታ አነሱ። በ2020 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሦስት ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። በ2021 ወደ ማይናማር ተሻገረ። «ለልጆች የተጻፈ ነው» ተብሎ የሚናቅ መጽሐፍ ይህን ያህል ርቀት ተጉዟል።

መናቁ አዲስ አይደለም። ማዴሊን ሌንግል «ኤ ሪንክል ኢን ታይም»ን ስትጽፍ ቢያንስ 26 አሳታሚዎች መለሱላት። ለልጅ ይከብዳል አሉ። በ1962 ታተመ፣ በ1963 የኒውበሪ ሜዳልያ ወሰደ፣ ልጆቹም አልከበዳቸውም። ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ስትጀምር አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ብዙዎች የሳይንስ ልብ ወለድ መነሻ የሚሉት መጽሐፍ በአንዲት ታዳጊ እጅ ነው የተጀመረው። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «አሥራ ስምንት?» ብሎ ይጠይቃል።

የአንዲ ዌርን «ዘ ማርሺያን» ደግሞ «ልብ ወለድ አልወድም» ለሚሉ ልጆች ነው የምጠቁመው። አንድ የጠፈር ተጓዥ ማርስ ላይ ብቻውን ይቀራል። ድንች ዘርቶ፣ ውሃ ሠርቶ ለመኖር ይታገላል። ዌር ታሪኩን በመጀመሪያ ምዕራፍ በምዕራፍ በነጻ ድረ ገጹ ላይ ነበር የሚለቀው፤ አንባቢዎች የኬሚስትሪ ስህተቱን ያርሙለት ነበር። በ2011 በ99 ሳንቲም ዶላር መሸጥ ጀመረ፣ በ2014 ትልቅ አሳታሚ አገኘ። ስድቡ የወጣለት የተማሪዎች እትምም አለው። ሒሳብ የሚወድ ልጅ አንዴ ከጀመረው አይለቀውም።

ጥቆማው የማይደርስበት ቦታ

የታዳጊዎችን ጥቆማ እንዲህ ካወደስኩ ጉድለቱንም ልናገር። ልጆች የሚያዩትን ነው የሚጠቁሙት። የሚያዩትን ደግሞ በብዛት የሚወስነው መተግበሪያው ነው። ስለዚህ ያው አሥር፣ አሥራ አምስት መጽሐፍ ይዞራል። ለቅሶ ያለበት ቪዲዮ ይሮጣል፣ ዝግ ብሎ የሚያስብ መጽሐፍ ወደ ኋላ ይቀራል። ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚናገርም ብዙ የለም።

ኦክታቪያ በትለር ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1947 ፓሳዴና ካሊፎርኒያ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አሠሪዎቿ የጣሏቸውን መጻሕፍት እየለቀመች ለልጇ ታመጣ ነበር። በትለር አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ስለ ሕዋ የተሠራ አንድ ደካማ ፊልም በቴሌቪዥን አየችና «ከዚህ የተሻለ መጻፍ እችላለሁ» ብላ ጀመረች። በ1993 ያሳተመችው «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር»፣ ማለትም «የዘሪው ምሳሌ»፣ የአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው የሚጀምረው ሐምሌ 2024 ላይ ነው። ድርቅ አለ፣ እሳት አለ፣ ውሃ በገንዘብ ነው። ልጅቷ የሌላው ሰው ሕመም በራሷ አካል ይሰማታል። በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ ዙሪያ ሲቃጠል፣ በትለር የተቀበረችበት አልታዲና አብራ ነደደች። ብዙ ሰው መጽሐፉን እንደገና ያነሳው ያኔ ነው።

ይህን መጽሐፍ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አልሰጥም። ከባድ ጭካኔ አለበት። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን፣ ከእኔ ጋር እያነበበች ከሆነ፣ እሰጣለሁ። የአዋቂ ቦታ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ልጆቹ ከደረሱበት አንድ እርምጃ ፊት ሆኖ መጠቆም፤ የያዙትን ከእጃቸው መንጠቅ ግን አይደለም።

በደብተሩ ላይ የነበረው ሦስተኛ ስም «ቢንቲ» ነው። የናይጄሪያ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ኔዲ ኦኮራፎር በ2015 ያሳተመችው አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ታላላቅ የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማቶች የሆኑትን ኔቡላንም ሁጎንም አግኝቷል። ገጹ ከመቶ አይበልጥም። ቢንቲ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሒሳብ ሊቅ ናት፣ ከናሚቢያ የሂምባ ሕዝብ ናት። ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ከወገኖቿ ማንም ሄዶ አያውቅም። ቤተሰቦቿ ሳያውቁ ሌሊት ትወጣለች። ፀጉሯንና ገላዋን የምትቀባውን ቀይ አፈር በዕቃ ይዛ ነው የምትሄደው።

የእህቴ ልጅ እዚህ ገጽ ላይ ቆመች። «ይቺ ሐመር ናት እኮ» አለች። አይደለችም፣ ግን ያየችው ነገር ልክ ነበር። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ይሠራሉ፤ የሂምባ ሴቶችም በቀይ አፈርና በቅቤ ነው የሚቀቡት። በመንኮራኩር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፀጉር ያላት ልጅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨረሰችው። ወላጅ ሳይስማማ ለትምህርት ባሕር መሻገር፣ ሄዶ ደግሞ የአገርን ሽታ በዕቃ መያዝ ለእኛ ምንም አያስገርምም። የሜሪላንዱ ልጅ እናት ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ይዛ ነው የሄደችው።

ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጥቆማው ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ደቂቃ በቃው። መጽሐፉስ? «ዘ ጊቨር»ን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንዱ ጋ አገኘነው፤ ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል። ሌሎቹን ያገኘቻቸው ብዙ ልጆች እንደሚያደርጉት ከቴሌግራም በፒዲኤፍ ነው። ጸሐፊው ከዚያ ምንም አያገኝም። ይህን ለልጅቷ ነግሬአታለሁ። ግን ሌላ መንገድ ሳላሳያት «ሌብነት ነው» ብሎ መተው ለእኔ ቀላል አልነበረም። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ስለምትማር፣ መዝገበ ቃላት እያየችም ቢሆን ታነባለች። በአማርኛ ብቻ የሚያነብ እኩያዋ ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከእነዚህ መጻሕፍት የትኛውንም ሊነካ አይችልም።

«አማርኛ ለሳይንስ ልብ ወለድ አይሆንም» የሚል ነገር እሰማለሁ። ይሄ አባባል ያሳዝነኛል። መንኮራኩር የሚለውን ቃል እንመልከት። ዛሬ የጠፈር መርከብ ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ራእይ ውስጥ ያለ ጎማ ነው፤ ዓይን የሞላበት፣ ከምድር ከፍ ከፍ የሚል። ቋንቋው ለጠፈር ቃል ሲፈልግ ሩቅ አልሄደም። መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ነው። ሄኖክ ወደ ሰማይ ተወስዶ የነፋሳትን መዛግብት፣ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውን በሮች ያያል። ልብ ወለድ ነው ማለቴ አይደለም። ሰማይን እየዞሩ የማየት ትረካ ግን ለዚህ ፊደል እንግዳ አይደለም። «ሕዋ»፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚሉት ቃላትም በዜና ለምደውናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ፣ ዜናው በአማርኛ ሲነበብ የጎደለ ቃል አልነበረም።

የተርጓሚ ወኔም አልጠፋም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ተርጉሟል። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በእስር ቤት ይህ ከተቻለ፣ መቶ ገጽ የማይሞላ «ቢንቲ»ን ፈቃድ ጠይቆ ተርጉሞ ማሳተም አይከብድም። የሚጎድለው ልጆቹ ምን እንደሚፈልጉ የሚጠይቃቸው አሳታሚ ነው። ይጠይቃቸው። ደብተራቸው ጀርባ ላይ ጽፈውታል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ታናሽ ወንድሟ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እንግሊዝኛው ገና ነው። ማታ ማታ «ዘ ጊቨር»ን በአማርኛ እየተረጎመች ትነግረዋለች። አንድ ቃል ላይ ተይዛለች።

«አክስቴ፣ ‹ሪሊዝ›ን ምን ልበለው?»

በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ቃል ለሽማግሌዎች፣ ለደካማ ሕፃናት፣ ሕግ ለጣሱ ሰዎች ይነገራል። እውነተኛ ትርጉሙ የሚገለጠው ወደ መጨረሻው ነው፤ እዚህ አላወጣውም። «መልቀቅ» አልኳት። ለእሷ አልጣማትም። «ነጻ ማውጣት» አልኳት። «ኧረ እሱ ይዋሻል» አለች። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ እሷው አገኘችው።

«ማሰናበት ብለውስ?»

ሥራ የለቀቀ ይሰናበታል። እንግዳ ይሰናበታል። ሌላም ዓይነት ስንብት አለ። ቃሉ ልክ መጽሐፉ እንደሚፈልገው ለስላሳና ዝግ ነው። እንደዚያው ብላ ነገረችው።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ «ግን የተሰናበቱት ሰዎች የት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቃት። ዮናስም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ማታ እነግርሃለሁ» አለችው።